መቶ አርባ ሰባተኛው ማስታወሻ

ሄርሚን ኩኔን ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። ብስክሌቷን በሁለት ቁልፍ ትቆልፋለች። የቢሮዋን በር ከዘጋች በኋላ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትመለስና እጀታውን ትነቀንቃለች። ለቡና ሰዓት የሚቀርበውን የብስኩት ቆርቆሮ ስትከድን ውስጡ ስንት እንደቀረ ታውቃለች፤ ከአንድ በላይ ያነሳ ሰው ስሙ ከአእምሮዋ አይጠፋም።

ጠባዩ ከአባቷ የመጣ ነው። አባቷ ከቤልጂየም ድንበር ሁለት ኪሎ ሜትር በማትርቅ መንደር የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። ያን ጊዜ ቅቤ በኔዘርላንድ በኩል ርካሽ፣ በቤልጂየም በኩል ውድ ስለነበር ግማሹ መንደር በኮንትሮባንድ ይተዳደር ነበር። ሄርሚን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሁልጊዜ ከረሜላ ከምትሰጣት ጎረቤታቸው ካፖርት ውስጥ ዐሥራ አራት እሽግ ቅቤ ሲወጣ በዓይኗ በብሌኗ አየች። ከዚያ በኋላ ከረሜላ የሚሰጣትን ሰው ሁሉ ካፖርቱን ነው የምታየው። አባቷም የሙያውን ሕግ አስተማራት፦ «የምትፈትሺውን ዕቃ ከእጅሽ አታውጪ። ባለቤቱ ‹እስቲ ልያዘው› ካለሽ፣ ያኔ ነው ጠበቅ አድርገሽ የምትይዢው።»

ትዳሯንም በዚሁ ሕግ መራችው። ባሏ ሁብ ደግ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት የመኪናው ጎማ ላይ በጠመኔ የተሠመረች ትንሽ ምልክት አየ፤ መኪናው ሳታውቅ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ለመለየት እሷ ያሰመረቻት ናት። «ሄርሚን፣ እኔ ሚስት ያገባሁ መስሎኝ፣ ለካ ኬላ ነው ያገባሁት!» አለና ሻንጣውን ይዞ እህቱ ዘንድ ሄደ። እዚያው ቀረ። ብዙ አለቀሰች፤ ግን የሻንጣውን ክብደት በዓይኗ መገመቷ አልቀረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት በጸሐፊነት የምትሠራው ሊንደንሆፍ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ተቋም፣ ፕሮፌሰር ሌናርት ቦስ ስለ ዓለም አቀፍና ስለ አውሮፓ የወንጀል ሕግ መጻሕፍት በሚጽፍበት ክፍል ነው። በየስድስት ወሩ ከአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች የምርምር ተለማማጆች ይመጣሉ። ትልልቅ ወንጀለኞችን የሚያሳድዱ እየመሰላቸው ይመጡና የሚሰጣቸው ሥራ የግርጌ ማስታወሻ ማጣራት ይሆናል። ፕሮፌሰሩ «እገሌ የተባለ ፍርድ፣ አንቀጽ ይህን ያህል» ብሎ ከጻፈ፣ ተለማማጁ ያንን ፍርድ ራሱ ከፍቶ፣ አንቀጹን በዓይኑ አይቶ፣ ጠርዙ ላይ ራይት ያደርጋል።

ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንዱ ተለማማጅ ምንም ሳይከፍት ሁሉንም ራይት አድርጎ አስረከበ። መጽሐፉ ወጣ። ፕሮፌሰር ቦስ በሰው ፊት፣ በትልቅ ስብሰባ ላይ፣ የሌለ አንቀጽ ጠቅሶ ተዋረደ። ሄርሚን እሱን አጎንብሶ ወደ ቢሮው ሲገባ ስታየው ደሟ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሳትናገር ዘዴ አበጀች። ለአዲስ ተለማማጅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምዕራፍ እጁ ከመግባቱ በፊት አንድ የሐሰት ማስታወሻ ትጨምርበታለች፤ ቁጥርም ቀንም ያለው፣ እውነት የሚመስል፣ ግን በዓለም ላይ የሌለ ፍርድ። የባለጉዳዮቹን ስም የምታወጣው አባቷ ከያዛቸው የቅቤ ኮንትሮባንዲስቶች ነበር። ተለማማጁ «ይህን አላገኘሁትም» ብሎ ከመጣ በሆዷ «አለፍክ» ትለውና ማስታወሻውን ታወጣዋለች። በሦስት ቀን ውስጥ ካልመጣ ግን «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም» ተብሎ ይሸኛል። ፕሮፌሰሩ የሚያውቀው ሄርሚን ሰው መምረጥ እንደምትችል ብቻ ነው። የእሷ ፊርማ የሌለበት መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያቺ ፊርማ ናት ያለቻት። ጡረታዋም ሦስት ዓመት አልቀረውም።

በመስከረም ኢልዜ የምትባል የላትቪያ ልጅ መጣች። ሌሎቹ ተለማማጆች «ሄርሚን፣ አንቺ» ሲሏት፣ ይቺ «ወይዘሮ ኩኔን፣ እርስዎ» ትላታለች። ሄርሚን በመጀመሪያው ቀን ነው የጠረጠረቻት። ይህን ያህል አክብሮት ምን ሊደብቅ ነው? ልጅቷ ለቡና አትወጣም። ብስኩት አትነካም። ቴልሞ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ተለማማጅ ልደቱን ሲያከብር የቼሪ ታርት ተቆርሶላት «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። የምታጣራውንም ወረቀት ማታ ማታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ይዛው ትሄዳለች።

ሄርሚን ቴልሞን ፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ያዘችው።

«ያቺ ልጅ ምሳዋን የት ነው የምትበላው?»

«ወንዙ ዳር።»

«በዚህ ዝናብ?»

«እኔ ምን አውቄ? ምነው፣ ሰው ገድላለች እንዴ?»

«አፍህን ዝጋ።»

«የወንጀል ሕግ ተቋም ስለሆነ ብዬ ነው» አለና ሳቀ። «እኔንስ መቼ ነው የምትፈትሺኝ?»

«አንተን ጨርሼሃለሁ» አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ለኢልዜ የተሰጣት ምዕራፍ፣ ፖሊስ ሰውን ራሱ ገፋፍቶ ወንጀል ውስጥ ካስገባው በኋላ መክሰስ ይችላል ወይ የሚለውን የሚመረምር ነበር። ፕሮፌሰሩ ፍርድ እየጠቀሰ «አይችልም» ይላል። ሄርሚን ያን ምዕራፍ አምስት ጊዜ ተይባዋለች፤ አንድም ቀን ነገሩ እሷን ይመለከታል ብላ አላሰበችም። ከመቶ አርባ ስድስተኛው ማስታወሻ ቀጥሎ የራሷን አስገባችበት፦ «የክሪንስ ጉዳይ፣ አንቀጽ 52።» ክሪንስ በልጅ ጋሪ ሥር ቅቤ ሲያሳልፍ የተያዘ ሰውዬ ነበር።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄርሚን በሩ ላይ ቆማ ጠየቀቻት።

«እንዴት ነው ሥራው?»

«ደህና ነው፣ ወይዘሮ ኩኔን።»

«ያላገኘሽው ነገር የለም?»

ኢልዜ ቀና ብላ ረዘም አድርጋ አየቻት። «የለም» አለች፤ ወረቀቱንም ገለበጠችው።

ሄርሚን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እጅ ከፍንጅ! ልጅቷ ወይ አልከፈተችም፣ ወይ ዋሽታለች፤ ሁለቱም አንድ ነው። ቢሮዋ ገብታ የስንብቱን ደብዳቤ ጻፈች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ልትሰጣት ነው። ቅዳሜና እሁድ ደስ ብሏት አሳለፈች፤ ይህን ሳንደብቅ መናገር ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት ግን ስልክ ተደወለ። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፕሮፌሰር ቦስን ይፈልጋል፤ አራት ሰዓት ላይ፤ ጸሐፊዋም አብራ ትምጣ።

ክፍሉ ውስጥ ኢልዜ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ሰብሳቢዋ የሕክምና ፕሮፌሰር የሆነች፣ ቀጭንና ቁም ነገረኛ ሴት ናት።

«ፕሮፌሰር ቦስ፣ የክሪንስን ጉዳይ ያውቁታል?»

ሄርሚን ክው አለች።

«ክሪንስ?» አለ ቦስ። «የትኛው ክሪንስ?»

«በመጽሐፍዎ መቶ አርባ ሰባተኛ ማስታወሻ ላይ አለ። ይህች ተለማማጅ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጋ አጣችው። ከዚያ ስትራዝቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጻፈች፤ እንዲህ የሚባል ጉዳይ ቀርቦ አያውቅም ብለው በማግሥቱ መልሰውላታል። ስለዚህ ወደ እኛ መጣች።»

ቦስ መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ነጭ ሆነ። «ኢልዜ፣ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ለሄርሚንስ?»

«ጽሑፉ በእርስዎና በወይዘሮ ኩኔን እጅ ብቻ ነው የሚያልፈው» አለች ልጅቷ። «ካልተሳሳትኩ አንዳችሁ ፈጥራችሁታል። ለአንዱ መናገር ለሌላውም መናገር ነው። ወይዘሮ ኩኔን ደግሞ መጥተው ‹ያላገኘሽው ነገር የለም?› አሉኝ። ሌላውን ሰው እንደዚህ አይጠይቁም። ያኔ ወረቀቱን እቤቴ አስቀረሁት። በመጀመሪያው ቀን በሰጡኝ መመሪያ ውስጥ ወደ ኮሚቴው መሄድ እንደሚቻል ተጽፏል።»

ያንን መመሪያ ለሃያ ሁለት ዓመት ለተለማማጅ ሁሉ ያደለችው ሄርሚን ናት፤ አንብቦ የተጠቀመበት ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ሰብሳቢዋ ወደ ቦስ ዞረች። «በጽሑፉ ላይ ሌላ እጅ አለበት?»

«የለም። ሄርሚን ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ አምናታለሁ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እንጃ። ምናልባት እኔው ጽፌው ረስቼው ይሆናል። ሽማግሌ ሆኛለሁ።»

ሄርሚን ላብ አጠመቃት። ማምለጫ ነበራት። ወረቀቱ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ በኢልዜ ቦርሳ፣ በኢልዜ ቤት ከርሟል፤ «እሷ ብትጨምረውስ?» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ኢልዜ ማን ናት? የሦስት ሳምንት እንግዳ። የስንብቱም ደብዳቤ ተጽፎ አልቋል። አፏን ከፈተች። ይሁን እንጂ ቦስን አየችው፤ እንደዚያ ዘመን አጎንብሷል፤ አሁን ግን ያስጎነበሰችው እሷ ናት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ክሪንስ የቅቤ ኮንትሮባንዲስት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዘዴውን፣ ዐሥራ ዘጠኙን ዓመት፣ አባቷንም ጭምር። ስትጨርስ ቦስ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሁሉንም አውጥተሻቸዋል?»

«ሁሉንም። በአባቴ እምላለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። ሄርሚን ያን አስተያየት ታውቀዋለች። ሌላውን ሰው ሁሉ ስታይበት የኖረችበት ነው፤ ወደ እሷ ሲዞር ግን የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ ቆዳዋን እንደገፈፉት አመማት።

ከኮሚቴው ክፍል ሲወጡ ኢልዜ በኮሪደሩ ጠበቀቻት። «ይቅርታ፣ ወይዘሮ ኩኔን። ግን ሰውን ገፋፍቶ መክሰስ አይቻልም የሚለውን ያንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ነው የተየቡት?» አለቻት። «አምስት ጊዜ» አለች ሄርሚን።

ኮሚቴው ወሰነ። በዐሥራ ዘጠኙ ዓመት የወጡት መጻሕፍት በሙሉ፣ እያንዳንዱ ማስታወሻ፣ እንደገና ይጣራ። የሚያጣራ ሰው ሲፈለግ ቦስ ኢልዜን መረጠ። ውጤቱ እስኪታወቅ ሄርሚን በቦታዋ ትቆያለች፤ ፊርማዋ ግን አያስፈልግም። ንጹሕ ከሆነ ፊርማዋ ይመለስላታል፤ ካልሆነ ደግሞ ትሰናበታለች። የመጻሕፍት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ በገዛ እጇ ለልጅቷ አስረከበች። ለመጀመሪያ ጊዜ የቢሮዋን እጀታ ሳትነቀንቅ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሳምንታት አለፉ። ኢልዜ መጽሐፍ ባወጣች ቁጥር ሄርሚን በግድግዳው በኩል ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ትሰማለች። ማታ በልቧ ትቆጥራለች። የ2005ቱን አውጥታለች፤ በደንብ ታስታውሳለች። የ2008ቱንም። የ2011ዱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። በዚያ ዓመት አንድ ኦስትሪያዊ ልጅ በወጥመዷ ገብቶ፣ በሰው ፊት ጮኻበት፣ አስለቅሳው ነበር ያባረረችው። በዚያን ቀን እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ታስታውሳለች። ማስታወሻውን ስታወጣው ግን አታስታውስም።

በኅዳር አንድ ሐሙስ ኢልዜ ሰማያዊ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ተቀመጭ ሳትባል ተቀመጠች።

«አንድ አለ» አለች ቀስ ብላ። «የኔለን ጉዳይ። የ2011ዱ መጽሐፍ፣ ገጽ ሁለት መቶ ሦስት።»

ኔለን በወተት ጣሳ ቅቤ የሚያሳልፍ ጎረቤታቸው ነበር። ሄርሚን የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ይህ ብቻ አይደለም። አንድ የጀርመን ጸሐፊ ከዚህ ወስዶ ጠቅሶታል። ከእሱ ደግሞ አንድ ኢጣሊያዊ። አንዳቸውም አልከፈቱትም።»

ሁለት ሊቃውንት የወተት ጣሳውን ኔለንን የፍትሕ ተበዳይ አድርገው ጽፈውታል! ሌላ ጊዜ ቢሆን ሄርሚን እስክትታመም ትስቅ ነበር። አሁን ግን የዚያ ኦስትሪያዊ ልጅ ፊት ነው የመጣባት። እሱ ባለመፈተሹ ተባረረ። እሷስ?

«ለፕሮፌሰሩ ነግረሻቸዋል?»

«ገና ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይወቁት ብዬ ነው።»

ደግነት ነበር። ሄርሚን ደግነትን ስታይ ካፖርቱን የምትፈልግ ሴት ናት፤ ፈለገች፤ ምንም አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔው እነግራቸዋለሁ» አለች። እጇን ዘረጋች። «እስቲ ልያዘው።»

ኢልዜ መጽሐፉን ከፈተች፣ ገጽ ሁለት መቶ ሦስትን ወደ እሷ አዞረችላት። ግን አልለቀቀችውም። በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ «እዚሁ ያንብቡት፣ ወይዘሮ ኩኔን» አለቻት።

ሄርሚን እጇን ሰበሰበችና፣ አንገቷን ሰግጋ፣ በልጅቷ እጅ ላይ እንዳለ አነበበችው።