ባዶው ኮርቻ

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። ፈረሴ ገና በማደግ ላይ ስለነበር ኮርቻ መምረጡ ጨነቀኝ፤ ዛሬ ልኩ የሆነው ለከርሞ ይጠበዋል። የጎንደሩ ኮርቻ ሠሪ ሰፋ ያለውን ጫነልኝና፣ «ሳትቀመጥበት እየሳብህ ውሰደው። ቤት ስትደርስ ጀርባውን እይ፤ ካላቆሰለው ይሆንሃል» አለኝ።

ፀሐዩ ቢበረታብኝ ራሴን በነጠላ ሸፍኜ፣ ፈረሱን እየሳብሁ ወደ አዘዞ ስወርድ ሜዳ ላይ ለቅሶ ገጠመኝ። አልቃሿ እኔን ስታይ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ሕዝቡም ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ለካ በእኛ አገር በለቅሶ መሀል ኮርቻው ባዶ ሆኖ የሚሳበው የሟች ፈረስ ነው!

ምን ልበል? አንገቴን ደፍቼ ለቀስተኛውን መዞር ጀመርሁ። ኮርቻው ሰፍቶት ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት በአንድ ዓይኔ እሱን አያለሁ። አንድ ሽማግሌም አዩት መሰለኝ፣ «ኮርቻው የጎልማሳ፣ ፈረሱ ገና ለጋ! ምነው፣ ጋልቦ ሳይጠግበው!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ዞሬ ስጨርስ የሟች ሚስት መጥታ ልጓሙን ያዘች። እውነቱን ልነግራት፣ «እሜቴ፣ ይህ ፈረስ እኮ...» ስል አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ባሌ እንኳን ፈረስ አህያም አልነበረው። እባክህ ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ድገምልኝ።»