የማያፈስ ቤት

ጎንደር ያለው የአባቴ ቤት ያፈስ ነበር። ሳላጋንን ነው የምናገረው፤ ክረምት ሲገባ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚዘንብ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። አባቴ፣ ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ካምፕ ውስጥ ተጥሎ የቀረ ቆርቆሮ ገዝቶ፣ የጣራውን ሣር አውርዶ፣ በሰፈራችን ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አናጢ መጥራት ክብሩን የሚነካው መሰለውና ምስማሩን ራሱ መታው። የመታውም የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ ነው። ሰው ሲነግረው፣ «ቤቱ አይደለም የሚያፈሰው፤ ዝናቡ ነው የበዛው» ይል ነበር።

እናቴ አልተከራከረችውም። ለየፍሳሹ ዕቃ መደበችለት፤ ከአልጋው ግርጌ ሳፋ፣ ከመደቡ ጥግ ድስት፣ ከበሩ ኋላ ጣሳ። ሰማዩ ሲጠቁር እጇ ራሱ ያውቀዋል። እኔ ያንን ጠብ ጠብ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ አንዳንዴም የማይወስደኝ። እንደጠላሁት አደግሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ዓይኗም ደከመ። ብቸኛ ልጇ እኔ ነኝ፤ ያውም ባል አግብቼ አይከል ከተማ ነው የምኖረው። እየተመላለስኩ ሁለት ቤት ማስተዳደር አቃተኝ። ቤቱን ሸጠን ከእኔ ጋር እንድትኖር ለመንኳት። እሺም እምቢም ሳትል፣ «እስቲ መጀመሪያ ይጽዳ» አለች። እኔም እሺታ ነው ብዬ ግንቦት ላይ ሥራ ጀመርኩ።

ቤት ለሽያጭ ማዘጋጀት እንዲህ እንደሚያደክም የነገረኝ አልነበረም። ጭቃ ከጭድ ጋር ረግጬ የተሰነጠቀውን ግድግዳ መረግሁ። እበት ከጎረቤት ለምኜ ወለሉን ለቀለቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሲንቋቋ የኖረውን በር አስጠገንኩ፤ የስንት ዘመን ጥላሸት ጠረግሁ። ሲመሽ ክንዴን ማንሳት ያቅተኛል። እናቴ ደጃፍ ቁጭ ብላ በዚያ በደከመ ዓይኗ ትከታተለኛለች። «እዚያ ጋ ቀርቷል» ትለኛለች። ቀርቷል የምትለው ቦታ ዕድሜዋን ሙሉ ቀርቶ የኖረ ነው። ሊገዙ የመጡ ሰዎች ግድግዳውን በከዘራ ሲነካኩ ደግሞ፣ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብላ ፊቷን ታዞርባቸዋለች፤ እነሱም በወጡበት ይቀራሉ።

በመጨረሻ አናጢ ጠራሁ። ጣራው ላይ እንደወጣ ሳቁን ለቀቀው።

«ይኸን ምስማር የመታው ማነው?»

«የእኔ ባል ነው፤ ምነው?» አለች እናቴ ከታች።

ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። ምስማሩን እየነቀለ ጉብታው ላይ መታው፤ የድሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፈነና ምሳ ሳይደርስ ወረደ። የልጅነት እንቅልፌን የነሳኝ ነገር ለካ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ተናደድኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከአዲስ ዓለም ሰፈር አንድ ሙስሊም ነጋዴ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ቤቱን ዞሮ አይቶ ወደደው፤ በዋጋውም ከእኔ ጋር ተስማማን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«እማማ፣ ከእርስዎ አፍ ካልሰማሁ አልገዛም። ባለቤቱ ያዘነበት ቤት ለገዢም አይበጅ» አላት።

እናቴ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ሌላ ገዢ እስኪመጣ ያን ግድግዳ እንደገና የምመርግበት አቅም አልነበረኝም። ለእሷ ማዘን እንኳ ደክሞኝ ነበር።

እንዲህ ተፋጠን ሳለን ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። እናቴ ብድግ አለች። በዳበሳ ሄዳ ለጽዳቱ ካሰርኩት ዕቃ መሃል ሳፋውን መዘዘችና ከአልጋው ግርጌ አስቀመጠችው። ክው አልኩ። ገዢው ሳፋውን አየ፤ ጣራውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «አስጠግነነዋል» ልለው አሰብኩ፤ እሱ ግን ዓይኑን ወደ ሳፋው መለሰ። ሦስታችንም ሳፋው ላይ አፍጥጠን ቆየን። ዝናቡ በረታ፤ ደጁ ጎርፍ በጎርፍ ሆነ። ሳፋው ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

የነጋዴው ፊት ፈታ አለ። «ማሻ አላህ፣ ሸጋ ጣራ ነው» አለ።

እናቴ ጎንበስ ብላ እጇን ሳፋው ውስጥ ከተተች። ዳሩን ዳሰሰች፤ መሃሉን ዳሰሰች። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ የሚጠረግ ውሃ ግን አልነበረውም።

«ግዛው ልጄ» አለችው። «ባሌ የሠራው ቤት ይኸ አይደለም።»

ያን ያህል የለመንኩት ቃል ተሰጠኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ለዓመታት ያላፈሰሰችውን እንባ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች።

ዕቃውን መኪና ላይ ስንጭን ሳፋውን ለጎረቤት እንስጠው ብላት እምቢ አለች። እስከ አይከል ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። ያን ክረምት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወደ መኝታዋ ብገባ ከአልጋዋ ግርጌ አስቀምጣው አገኘሁ። ጣራዬ አያፈስም፤ እሷም ታውቃለች። አላነሳሁባትም።