ሽማግሌ የተላከበት ኩላሊት

እህቴና እኔ መንታ ሳንሆን መንታ እንመስል ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ለእሷ የታሰበ ስንት ሰላምታ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ እጥበት ስትጀምር፣ ሰጪዋ እኔ መሆኔን ማንም አልተጠራጠረም። የደማችን ዓይነትም አንድ ነው። ናሙናችን ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ግን አልገጠምንም። ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ፤ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ጂኖች አሉ፤ ግማሹን ከእናት ግማሹን ከአባት እንወርሳለን፤ ለእኔ የደረሰኝ ለእሷ ያልደረሳት ነው።

"በመልክ እኮ አይደለም" አለችኝ። ተናደድኩ። በማን ላይ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

የገጠመው ታናሽ ወንድማችን ነበር፤ እሱም በግማሽ። መስቀል ፍላወር ተከራይቶ የሚኖር፣ መርፌ ሲያይ የሚያልበው ልጅ ነው። ሐኪሟ ግማሹም ይበቃል አለች። እሱ ደግሞ "እስቲ ላስብበት" አለ።

እናቴ "ላስብበት" የሚባል ነገር አይገባትም። ሽማግሌ ላከችበት። እውነቴን ነው፤ ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠየቅ ሁሉ የንስሐ አባታችንና የእድሩ ዳኛ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሄዱ። ተቀመጡ ቢላቸው "የመጣንበትን ካልሰጠኸን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ጎረቤት በበሩ ያያል። እሺ አላቸው። ተቀመጡ። እናቴ ስትሰማ እልል አለች።

ሐኪሟ ግን ሰጪን ለብቻው ታነጋግራለች፤ ደንቡ ነው።

"በፈቃድህ ነው ወይ?"

"ዶክተር፣ ሽማግሌ ቆሞ እምቢ ይባላል እንዴ?"

በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። በሽምግልና የተገኘ ኩላሊት አልነካም፣ ልቡ ሲፈቅድ ራሱ ይምጣ አለች። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን ማነጋገር ተወች። እኔም፣ ከሐኪሟ ይልቅ በእሱ ቅንነት በገንኩ። ሰው እንዴት አንዲት ቃል መዋሸት ያቅተዋል?

አንድ ከሰዓት እኔና ወንድሜ እህቴን ከእጥበት ስንመልሳት፣ ታክሲ ውስጥ ወደ እሱ ዞር አለችና "ፈራህ እንዴ?" አለችው።

"በጣም።"

"እኔም" አለችው።

ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለማንም ሳይናገር ሐኪሟ ዘንድ ሄዶ "መጥቻለሁ" አላት።

በመሃል ግን እህቴ ደሟ እያነሰ የሌላ ሰው ደም ደጋግማ ወስዳ ነበር። ለንቅለ ተከላው ስትዘጋጅ የሁለቱን ደም አገናኝተው እንደገና መረመሩ። ለካ ከወሰደችው ደም ውስጥ የወንድሜን የመሰለ ምልክት ኖሮ፣ ሰውነቷ ያንን ጠላት ብሎ ይዞታል። አሁን የእሱ ኩላሊት ቢገባላት ወዲያው ያጠፋዋል።

"እኔ እኮ ፈቅጃለሁ" አለ ወንድሜ።

"አንተማ ፈቅደሃል" አለች ሐኪሟ።

ሌላ ሰጪ ስንፈልግ እህቴ አረፈች። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ወንድሜን በአገጫቸው እያሳዩ "ያ ነው እኮ እምቢ ያላት" ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ተነስቼ "እምቢ አላለም! ሰጥቷል!" ብዬ ጮኽኩ። የሐዘን ጩኸት መስሏቸው ይዘው አባበሉኝ።

እናቴን ስንቴ አስረዳኋት። ጂኑን፣ ደሙን፣ ምልክቱን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ትሰማኝና "የእናቷ ልጅ እንዴት ባዕድ ይሆንባታል?" ትለኛለች። ወንድሜ በየበዓሉ ይመጣል። እናቴ ትሪውን ፊቱ ታቀርብለታለች፤ ብላ ግን አትለውም።