የአሜሪካ ጦርነትና የአዴ ጫልቱ ሽንኩርት

ሽንኩርት በገዛሁ ቁጥር የአሜሪካ ጦርነት ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ ግን እውነቴን ነው። ባለፈው ሳምንት አዳማ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ፣ "እናቴ ነይ፣ የቡልቡላ ሽንኩርት!" ብሎ ሲጣራ ዘንቢሌን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ።

"ምነው፣ ዋጋውን ሳትሰሚ?" አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ቡልቡላ ነበር፣ የታሪክ መምህርት ሆኜ። የአዳማ ልጅ ስለሆንኩ ሙቀቱም ኦሮምኛውም አልከበደኝም። ባለቀለም ጠመኔዎቼን በሳሙና ማስቀመጫ ደርድሬ የምይዝ፣ እያንዳንዱን ርዕስ በማስመሪያ የማሰምር ሰው ነበርኩ። ማስረዳት ደግሞ ነፍሴ ነው። ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ከየት አገር እንደመጣ ለአስተናጋጇ ሳልነግራት አልወጣም። ከሁሉም የከበደኝ ዘጠነኛ "ቢ" ነበር። እኔ ባስረዳሁ ቁጥር እነሱ ይንጫጫሉ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ደሳለኝ የዝዋይ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ቢሯቸው ጠሩኝና፣ "ክፍልሽ ከመናኸሪያ ይብሳል" አሉኝ። "ሰኞ ገብቼ ስታስተምሪ አይሻለሁ። የሙከራ ጊዜሽን የማጸድቀው እሱን አይቼ ነው።"

"ካላጸደቁልኝስ?"

"አዳማ ቅርብ ነው" አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት የደረስንበት ትምህርት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ገና ለጋ የነበረችው አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የገጠመችው ጦርነት ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለችው አንዲት አጭር አንቀጽ ናት፤ እኔ ግን ሰሌዳውን ሞላሁት። እንግሊዞች ዋና ከተማዋ ገብተው የፕሬዚዳንቱን ቤት ማቃጠላቸውን በቀይ ጻፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ መድፍ ሲዘንብበት ያደረው ምሽግ ላይ ጎህ ሲቀድ ባንዲራው እንዳለ መታየቱን በሰማያዊ፣ ሕዝቡ ከዚያ ወዲያ በአገሩ መኩራቱን በአረንጓዴ። ሥዕል ይመስል ነበር።

የትምህርት ቤታችን ግብ ጠባቂ ገመቹ ከኋላ ተነሳ። "ቲቸር፣ ማን አሸነፈ?"

"ማንም። ታርቀው ድንበሩ እንደነበረ ቀረ።"

"ታዲያ ምን አግኝተው ነው የሚኮሩት?"

"ቤታቸው ተቃጥሎ!" አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ምክንያት እየዘረዘርኩ ጮህኩ፤ ደወሉ አዳነኝ። ሰኞ አቶ ደሳለኝ ተቀምጠው ይህንኑ ቢጠይቁኝ ምን እንደምመልስ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ግን ኳስ ነበር። የዝዋይ ትምህርት ቤት ቡድን ደጋፊዎቹን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። የኅዳር ነፋስ አቧራውን ያዞረዋል፣ ግራሮቹ ላይ ሕፃናት ተንጠልጥለዋል። ዝዋዮች ከከተማ የመጡ፣ ታኬታ ያደረጉ ናቸው፤ የእኛዎቹ ግማሾቹ በሸራ ጫማ ነበር የሚጫወቱት። አንድ አገቡብን፣ አንድ አገባን። ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ ገመቹ ተወርውሮ አወጣው። ጨዋታው አንድ እኩል አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ ሰው ሁሉ ሜዳውን ጥሶ ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። ማታ መንገድ ዳር አሳ ለብለብ እየበላን ሌላ ዘፈን የሌለ ይመስል ያንኑ አንዱን ደጋግመን ዘፈንን።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ድምፄ የለም። ከጉሮሮዬ የሚወጣው የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። ያውም በዚያን ቀን!

አቶ ደሳለኝ ከኋላ ተቀምጠዋል። ማስረዳት ስለማልችል ጠመኔ አነሳሁና፣ "ቅዳሜ ማን አሸነፈ?" ብዬ ጻፍኩ።

"እኛ!" ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ።

"ስንት ለስንት?" ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ።

"አንድ... እኩል" አሉ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። ገመቹ ተነሳ። "ገባኝ! እነሱ ትልቅ ናቸው፣ ግን አልጣሉንም። አለመውደቃችን ነው ያኮራን።"

"ማነው አላሸነፋችሁም ያለን?" አሉ አቶ ደሳለኝ ከኋላ፣ ራሳቸውን መግዛት አቅቷቸው። "እኛም እኮ ዝዋይ ስንጨፍር ነው ያመሸነው!"

ክፍሉ ሲንጫጫ በቢጫ ጠመኔ "ካናዳ" ብዬ ጻፍኩ። ያኔ በእንግሊዝ በኩል ሆነው አገራቸውን የተከላከሉት ካናዳውያንም እስከ ዛሬ አሸነፍን ይላሉና። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጸደቀልኝ አልኩ በልቤ።

ይኼኔ ፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ ብዙ የማትናገረው ቦንቱ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሁለቱም ካሸነፉ ማን ተሸነፈ?"

የትኛውን ቀለም ላንሳ ብዬ ጠመኔዎቼን አገላበጥኩ።

"ሜዳው ዳር የእናቴ ሽንኩርት ነበር" አለች። "ገና መተከሉ ነው። የእናንተም የእነሱም እግር አርፎበታል።"

ዘጠነኛ "ቢ" ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔም ሰሌዳው ላይ "የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች" ብዬ ጻፍኩና በሹክሹክታ ጀመርኩ። ምድሩ አስቀድሞ የእነሱ እንደነበረ፣ እሱን ለማትረፍ ከእንግሊዝ ጋር ሆነው እንደተዋጉ፣ ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ እነሱን ያሰበ እንዳልነበረና መሬታቸው ከእጃቸው እንደወጣ ነገርኳቸው። ለመስማት ሁሉም ወደ ፊት ዘንበል ብለው ነበር፤ አቶ ደሳለኝም ጭምር።

አቶ ደሳለኝ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። "ያንቺን አጽድቄአለሁ" አሉኝ። "የቅዳሜውን ሽንኩርት ግን አላጸደቅኩም።"

አቶ ደሳለኝ ደውለው ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የዝዋይ አይሱዙ እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ የተጫነው የሽንኩርት ችግኝ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች አጎንብሰው ተከሉ። ወዲያውም ማን ቀድሞ መስመሩን ይጨርሳል ብለው መፎካከር ጀመሩ። የቦንቱ እናት አዴ ጫልቱ በትር ይዛ መሐላቸው እየተመላለሰች፣ "ሱታ! ሱታ! ቀስ በሉ፣ ኳስ አይደለም!" ትላለች።

"አዴ፣ ማን አሸነፈ?" አላት ገመቹ፣ ወገቡን ይዞ ቀና እያለ።

"ሲደርስ እነግርሃለሁ።"

ሽንኩርቱ ሲደርስ አንድ ጆንያ ወደ ትምህርት ቤታችን፣ አንድ ጆንያ ወደ ዝዋይ ላከች። ለእኛ የደረሰንን ገመቹ ተሸክሞ ሲገባ፣ "አንድ እኩል ብላለች" አለን።

ከዚያ ወዲህ ያንን ጦርነት ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ጎህ ሲቀድ የታየውን ባንዲራ ዛሬም ስተርክ ደስ ይለኛል፤ ሰው በአገሩ ሲኮራ ማየት ደስ ይላል። ግን ተማሪዎቼ መጨፈር ሲጀምሩ ሜዳው ዳር ምን እንደተተከለ እንዲያዩ እጠይቃቸዋለሁ። አሁን ድምፄ ጤነኛ ቢሆንም፣ እዚያ ክፍለ ጊዜ ላይ ስደርስ በሹክሹክታ ነው የምናገረው።

የአዳማው ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። "ምን አሳቀሽ?" አለኝ እንደገና።

"ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አሜሪካና እንግሊዝ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እናቴ፣ ስንት ኪሎ ልመዝን?"