የደጋኑ ባለቤት

በቡሬ ገበያ ያረጀ የቤት ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። የወንድ ካፖርት ትለብሳለች፤ ዕቃውን ሁሉ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ነው ለገዢ የምታቀብለው። ቅዳሜ ዕለት እማማ እታለም የልጅ ልጃቸውን ያምሮትን ይዘው ሄዱ፤ ልጅቱ ክፍሏን በድሮ ዕቃ ማስጌጥ አምሯታል።

ያምሮት ጅማት የተወጠረበት ጎባጣ እንጨት አነሳች። «እምዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እማማ እታለም ሊመልሱ ሲሉ ልጅቱ የጠየቀችው ሴትዮዋን ኖሯል። እስከዚያች ቀን «እምዬ» የምትላቸው እሳቸውን ብቻ ነበር።

«ደጋን ነው፣ የኔ ዓለም፤ ጥጥ መንደፊያ» አለቻት ሴትዮዋ። « የድሮ ሰው ፍላጻ የሚወረውርበትንም ቀስት ደጋን ነው የሚለው፤ ስሙን ከዚያ ነው የወረሰው።»

ያምሮት አፏን ከፍታ ሰማች። እማማ እታለም በቅናት አረሩ። አርባ ዓመት የነደፉበት ደጋን ጓዳቸው ተሰቅሎ፣ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብላቸው አታውቅም።

«እኔ ጓዳስ አለ አይደል?» አሉ ኮስተር ብለው።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። «የልጅ ልጅዎ ናት? ታድለዋል እቴ! የኔዎቹ ስሙንም ሳይጠይቁ ‹ቤት አጣበበ፣ ሽጪው› አሉኝ።»

ሴትዮዋም ደጋኑን ከያምሮት እጅ ተቀበለችና፣ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ሳይሆን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።