«ለምስክር ብቻ ነው»

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ከወረቀቱ ቀና ካላልኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከኋላ የማይሰማው ካለ እጁን ያውጣ። ጌታ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ በሩ አጠገብ ስቀመጥ ታውቁኛላችሁ። እውነቱን ለመናገር የምመጣው እትዬ ሙሉ ስለሚያመጡኝ ነበር። እዚህ አውሮራ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ምድር ቤት፣ ከሌላ እህት ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። እሑድ ጠዋት መኪናቸውን አስነስተው ጥሩምባ ሲያሰሙ፣ እንቢ ማለት ስለማልችል እወጣለሁ። እናንተ ስትዘምሩ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፣ እግዚአብሔር መኖሩንም አልክድም ነበር። ከእኔ ጋር ጉዳይ አለው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከእጮኛዬ ከብሩክ ጋር ልንጋባ ስንል ፒዮሪያ ስትሪት ላይ አንድ አፓርትመንት ወደድን። ትንሽ ናት፤ ግን ጠዋት ፀሐይ ይገባባታል። የኪራይ ማመልከቻ አስገባን። ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ሴት ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ አልፈሻል። የእሱ ክሬዲት፣ የብድር ታሪኩ ግን ተበላሽቷል» አለች።

ብሩክ ሳቀ። «ተሳስተሽ ነው። እኔ ክሬዲት ካርድ እንኳ የለኝም» አላት።

ስላልተከፈለ የአንድ መኪና ዕዳ ነገረችው። ሳቁ ቆመ። «ይሄ እኮ የጓደኛዬ መኪና ነው። እኔ ምስክር ነኝ» አለ።

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ያዙልኝ። አገር ቤት ውል ሲደረግ ከታች ምስክሮች እንደሚፈርሙ ታውቃላችሁ። ብሩክ አሜሪካ እንደመጣ አብሮት የሚኖር ጓደኛው መኪና ሊገዛ ሲሄድ ወስዶት፣ «ና እንጂ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ። ለምስክር ብቻ ነው» አለው። ፈረመለት። እዚህ አገር ግን ያ ፊርማ ለዕዳው እኩል ተጠያቂ የሚያደርግ ነበር። ጓደኛው ክፍያውን አቋርጦ ሌላ ስቴት ገባ፣ መኪናዋ ተወሰደች፣ የብሩክ ስም ግን ዕዳው ላይ ቀረ። እስከዚያች ቀን አላወቀም።

«ብቻሽን ልትከራዪው ትችያለሽ» አለችኝ ሴትዮዋ፤ «እሱ ግን እዚህ መኖር አይችልም። ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ማለፍ አለበት።» ሌላ ቦታም ሞከርን። መልሱ ያው ነበር።

ሠርጉ ደርሶ ነበርና ተጋባን። ዘመራችሁልን፤ ጌታ ይባርካችሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እሱ ሌክውድ ከጓደኞቹ ጋር ወደሚጋራው ቤት፣ እኔ ወደ ምድር ቤቴ ተመለስን። ጓደኞቹ፣ «ሙሽራው! ዛሬም ከእኛ ጋር ነህ? አባረረችህ ወይስ ማንኮራፋታችን ናፍቆህ ነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እናንተም እዚህ በር ላይ፣ «ቤታችሁ መቼ መጥተን እንጸልይ?» ስትሉን፣ አፍረን፣ «ገና ቀለም እየተቀባ ነው» እንላችሁ ነበር። ለእትዬ ሙሉም ያልናቸው ይህንኑ ነው።

የምንገናኘው ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ እዚያው ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ብርድ ሲሆን መስታወቱ በትንፋሻችን ይሸፈናል። አንድ ቀን በጣቱ ቤት ሣለበት። «በሩስ?» አልኩት። «እሱን ነው የከለከሉን» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በእጅጌው ጠረገው።

አረገዝኩ። ሆዴ ገፍቶ ሳይታይ ሥራ ላይ እያለሁ ሕመም ጀመረኝ። ብሩክ ሆስፒታል ደረሰልኝ። ዶክተሯ እጄን ይዛ፣ «በጣም አዝናለሁ፣ የፅንሱ የልብ ምት ቆሟል። አንቺ ባደረግሽው ነገር አይደለም የመጣው» አለችኝ። ነርሷ ልታስወጣኝ ስትል፣ «ቤት ውስጥ አብሮሽ የሚሆን ማን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እኔ ግን የእትዬ ሙሉን ስም ነገርኳት።

እትዬ ሙሉ ቤት ስንደርስ በሩን ከፍተው አዩን። «ምነው ልጆቼ፣ ወደ ቤታችሁ አትሄዱም? ቀለሙ እስካሁን አልደረቀም?» አሉ። ብሩክ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ሾርባ ሠሩልኝ።

እኔ ግን ልቤ ደነደነ። ዝምተኛ ሰው ሲያዝን አይታወቅበትም። እናንተ ስትዘምሩ ከንፈሬን ማንቀሳቀሱንም ተውኩት።

ለመራመድ ስበረታ እትዬ ሙሉ ሁለታችንንም ይዘው ፒዮሪያ ስትሪት ሄዱ። ያቺው አፓርትመንት እንደገና ክፍት ነበረች፤ ሌላ መንገድ የለም ወይ ብለው ሲያስጠይቋት፣ ሴትዮዋ ዋስ ካለን እንደሚቻል ነገረቻቸው። ብዕሩን ሲያነሡ ብሩክ እጃቸውን ያዘ።

«እትዬ፣ አይሆንም። ይሄ ፊርማ ምን እንደሆነ አሁን አውቄአለሁ።»

«አንተ ሳታውቅ ፈረምክ። እኔ አውቄ ነው የምፈርመው» አሉት። መነጽራቸውን አድርገው፣ «በይ ልጄ፣ አንድም ሳታስቀሪ ተርጉሚልኝ» አሉኝ።

«ብንጠፋስ?» አላቸው ብሩክ።

«እኔ አለሁ።»

ተከራዮቹ ያጎደሉትን ሁሉ ዋሱ ይሸከማል የሚለው ጋ ስደርስ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። ጌታ ዋሳችን ነው ሲባል እዚህ በሩ አጠገብ ሆኜ ስንት ጊዜ ሰምቼ ነበር! ያን ቀን ግን ቃሉ ለእኔ ተነገረኝ። ድምፅ ሳላወጣ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተም ይህን ሁሉ፣ ንዴቴንም ጭምር አውቀህ ነው የፈረምክልኝ?» አልኩት። ልጄን ካጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ክብር ለስሙ ይሁን! የዳንኩት እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሃሌሉያ!

አሁን እዚያች ቤት አብረን እንኖራለን። ጠዋት ፀሐይ ይገባል። ልጄ አልተመለሰልኝም፤ ለምን እንደሆነም አልተነገረኝም። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ሲያርፍ አሁንም የማለቅስበት ቀን አለ። ብቻዬን ግን አላለቅስም። ስሙ ይባረክ!

ዛሬ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ። ጌታ የሚደርስበት ቦታ ነው። እመኑት፤ እሱ ሳያነበው የፈረመላችሁ ገጽ የለም።

ባለቤቴ አሁን ውጭ መኪና ውስጥ ነው። ያደርሰኛል እንጂ አይገባም። ምስክር የሚለው ቃል አሁንም ያመዋል። ስትወጡ ለምን አትገባም አትበሉት፤ ሰላም ብቻ በሉት። እኔ ግን ዛሬ በፊታችሁ ለጌታ ምስክር ሆኛለሁ፤ ምን እንደምፈርም አውቄ።