የነጭ ሩዝ ጾም

ባቡሩ ሎዛንን እንዳለፈ «ውሃ ጠጪ» ብዬ የልጄን እጅ ስይዘው በረዶ ሆኗል፤ በላብ ርሷል። ዓይኖቿ ያዩኛሉ፣ ግን አያውቁኝም። ልጄ ስኳር አለባት። መርፌዋን ጠዋት ዜባህ ሰፈር ቤታችን ተወግታ «ባቡር ላይ እበላለሁ» ብላኝ ነበር። የሩዟ ሳህን ግን ጭኗ ላይ እንደተከደነ ነው። ያኔ ነው ጉዱ የገባኝ፤ መርፌው ያለ ምግብ ስኳሯን አውርዶባታል።

ወደ ጄኔቭ የምንሄደው ለአባቷ አርባ ነበር፤ ያገሩ ልጆች ያሉት እዚያ ነው። ባሌ የጃቫ ደሴት ሰው፣ የዘፈን ደራሲ ነው። ነበር ልበል እንጂ። አገሩ ላይ በሰርጉም በአውቶቡሱም ዘፈኖቹን ይዘፍኗቸዋል አሉ። ሁሌ የሚጽፈው ጥሎ ስለሄደ ፍቅር ነው፤ ሰዉ እየጨፈረ ያለቅስበታል። እኛ ከተማ ግን ላንግሽትራሰ የሚባል መንገድ ላይ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥብ ነበር። ማን መሆኑን የጠየቀው የለም። እኔ ሚስቱ እንኳ ዜማውን እንጂ ቃሉን አላውቀውም።

ዘፈን ሊያወጣ ሲል ሦስት ቀን ይጾም ነበር፤ ጨው የሌለው ነጭ ሩዝና ውሃ ብቻ። የአባቶቹ ወግ ነው። «ሆድ ሲጠግብ ግጥም ይተኛል» ይለኝ ነበር። እኔም የጾም ሰው ነኝና ደስ ይለኝ ነበር። ለአርባው ልጄ ዘፈን ልጽፍለት ብላ እንደሱ ጀመረች።

«መርፌሽስ?» አልኳት።

«ሩዝ እበላለሁ እኮ፣ እማ! አንቺ ሁዳዴ ስትጾሚ ማን ይቆጣሻል?»

ተውኳት። አልተማርኩም። ጾም የሚከለክል እናትም አይቼ አላውቅም።

ባቡሩ ውስጥ ጮህኩ። ጀርመንኛው ሁሉ ጠፍቶኝ በአማርኛ ነው የጮህኩት። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ የልጄን የመርፌ ቦርሳ አዩና «ሱክር! ሱክር!»፣ ስኳር ስኳር እያሉ ብድግ አሉ። የብርቱካን ጭማቂያቸውን ከፍተው፣ አንገቷን ደግፈው፣ በትንሽ በትንሹ አጠጧት። ቲኬት ቆራጩ ደወለ። ጄኔቭ ስንደርስ አምቡላንስ ቆሞ ጠበቀን።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና «እማ፣ ግማሹን ነው የጻፍኩት» አለችኝ።

«ይቅርብን! የአባትሽ ዘፈን ብዙ ነው፤ አንቺ ግን አንድ ነሽ።»

አለቀሰች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። እኔም አለቀስኩ። አርባው ያለ እኛ ወጣ።

ሐኪሟ ገብታ ስኳሯ እንደተስተካከለ ነገረችን። አሁን ዳቦ በአይብ እየበላች ነው። ልጄ ተርፋለች። ደህና ነን።